ከአንዲት እናት ብርቱካናማም ቡናማም ጫጩት ወጣ፤ ሻጩ ዋሽቶኛል?

የናሆም እናት (አዲስ አበባ፣ አያት)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አሳ የሚያውቅ ሰው እዚህ አይጠፋም ብዬ ነው።

ልጄ አምና ለልደቱ አኳሪየም አስገዛኝ። መጀመሪያ ጎልድፊሽ ነበር የያዝነው። ከዚያ አንድ ሻጭ «የአፍሪካ ሲክሊድ ያዙ፣ የሚያምረው እሱ ነው» ብሎ አሳመነን። አሁን ሁለት መቶ ሊትር ገደማ የሚይዝ ገንዳ አለን። ሦስት ብርቱካናማ አሉ፣ «ቀይ ዜብራ» ብሎ የሸጠልን። አንድ ሰማያዊ አለ፣ «ኮባልት» ያለን። አራት ቢጫ አሉ። አንዷ ደግሞ ብርቱካናማ ሆና ላይዋ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰባት ትመስላለች። የእሷን ስም አልነገረንም።

ከብርቱካናማዎቹ አንዷ ምግብ መብላት አቆመች። ጉሮሮዋም አበጠ። ታማብኝ ነው ብዬ ስጨነቅ ናሆም ዩቲዩብ አይቶ «እማዬ፣ እንቁላል በአፏ ይዛ ነው» አለኝ። እውነትም ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይታ ተፋቻቸው። ወደ ሃያ ይሆናሉ። ለብቻቸው አደረግናቸው።

ጭንቀቴ ምን መሰላችሁ? ግማሾቹ ቁርጥ እናታቸውን ናቸው። ግማሾቹ ግን አመድማ ቡናማ ሆኑ። ሻጩ ጋ ብደውል «ቡናማዎቹ ምግብ አንሷቸው ነው፣ ቀለም የሚያወጣ ምግብ አለ፣ ልላክልሽ» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ስልኩን ዘጋሁት። ባለቤቴ ደግሞ «ከሰማያዊው ጋር ተዳቅለው ነው፣ ክልስ ናቸው» ይላል። ማን ነው ልክ? ቡናማዎቹን ላስወግዳቸው ወይስ ላቆያቸው? ናሆም ለእያንዳንዳቸው ስም አውጥቶላቸዋልና ማስወገዱም ቀላል አይደለም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ያቺ ቁንዶ በርበሬዋ በሽታ ይዟት ይሆን? ከአራቱ ቢጫዎችም አንዱ ሰሞኑን እየነጣ መጥቷል።

ቤቢ ገርጂ

ቀለም የሚያወጣ ምግብ ካለ ለእኔም ይላክልኝ፣ ፊቴ ሰሞኑን አመድ ሆኗል ሃሃሃ። ቁም ነገሩን ለሚያውቁት ትቻለሁ። የልጁን ስም አወጣጥ ግን ንገሪን።

የአሞራ ገደል ልጅ (ቨርጂኒያ)

የናሆም እናት፣ በመጀመሪያ ለአሳዋ እንኳን ማርያም ማረሽ በይልኝ።

ሻጩ ተሳስቷል። ባለቤትሽ ግን ልክ ሊሆን የሚችልበት መንገድ አለ፣ እመጣበታለሁ።

እኔ ሐዋሳ ነው ያደግሁት። አሞራ ገደል ጀልባ ሲራገፍ እያየሁ። አሁን ደግሞ ቤዝመንቴ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ የማላዊ ሐይቅ አሳዎች አሉ። ሚስቴ እንግዳ ሲመጣ በሩን ትዘጋዋለች።

ሲክሊድ ሲባል ሩቅ አገር እንዳይመስልሽ። የእኛው ቆሮሶ ሲክሊድ ነው። እሷም እንቁላሏን በአፏ ነው የምትይዘው። ወንዱ መራቢያው ሲደርስ ቀላ ቀላ ይልና የሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ ይምሳል። ጊዜው ሲያልፍ ተመልሶ ግራጫ ነው። የማላዊዎቹ ደግሞ በቀለም ነገር ልክ የላቸውም።

ያንቺ ቀይ ዜብራ ሳይንሳዊ ስሟ ሜትሪያክሊማ ኤስቴሬ ነው። ከማላዊ ሐይቅ ናት፣ ከሞዛምቢክ በኩል፣ ሚኖስ ሪፍ ከሚባለው አካባቢ። እዚያ በተፈጥሮዋ ሴቷ ብርቱካናማ ናት። ወንዱ ሰማያዊ ነው። አዎ፣ ሰማያዊ! ጎን ለጎን ያያቸው ሰው ባልና ሚስት ናቸው ብሎ አይገምትም። ልዩነቱ የሚጀምረው ደግሞ ከጫጩትነት ነው። ሴቶቹ ከእናታቸው አፍ ሲወጡ ጀምረው ብርቱካናማ ናቸው። ወንዶቹ አመድማ ቡናማ ሆነው ይወጡና ሲጎረምሱ ወደ ሰማያዊ ይዞራሉ።

እንግዲህ ያንቺን ገንዳ እይው። ግማሽ ብርቱካናማ፣ ግማሽ ቡናማ። ምግብ ያነሰው ጫጩት ይቀጭጫል እንጂ እንዲህ እኩል ለእኩል አይከፈልም። ቡናማዎቹ ወንዶች ናቸው ብዬ ነው የማስበው። ናሆም የሴት ስም አውጥቶላቸው ከሆነ ይቀይር።

ገበያ ላይ ብርቱካናማ ወንድ ስላለ ግን እንዳትምታቺ። እሱ የአርቢዎች ሥራ ነው። አርቢዎች አልፎ አልፎ የሚገኘውን ብርቱካናማ ወንድ እየመረጡ አበዙት። ስለዚህ ሦስቱም ብርቱካናማዎችሽ ሴት ናቸው ብዬ አልፈርምልሽም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ነጥብ። ኮባልት የሚባል ራሱን የቻለ አሳ አለ፣ ሜትሪያክሊማ ካላይኖስ። እሱም ሙሉ ሰማያዊ ነው። ከቀይ ዜብራ ወንድ ለመለየት ብዙ ዓመት የያዘ ሰው እንኳ ይቸገራል። ከቀይ ዜብራ ጋር ከተገናኘ ይዋለዳሉ፣ ልጆቹም መውለድ ይችላሉ። ስለዚህ ሻጩ «ኮባልት» ያለው ሰማያዊው ወይ እውነተኛ ኮባልት ነው፣ ልጆቹም ክልስ ናቸው፤ ወይ ደግሞ የቀይ ዜብራ ወንድ ሆኖ ቀለሙን አይቶ ስም ለጥፎለታል። የጫጩቶቹን ቀለም በማየት ብቻ ይሄን መለየት አይቻልም። ሻጩን አንድ ነገር ጠይቂው፦ ሰማያዊው ከብርቱካናማዎቹ ጋር በአንድ ጭነት፣ ከአንድ አርቢ ነው የመጣው? ከሆነ አባትየው የራሳቸው ዘር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

የእኔ አቋም ይሄ ነው፤ ሻጭ ቀለም ሲነግርሽ ቦታ ጠይቂው። ከየትኛው ሐይቅ? ከየትኛው ዳርቻ? «ቢጫ አሳ» ስም አይደለም።

ያንቺን ቢጫዎች ውሰጂ። ላቢዶክሮሚስ ሴሩሌየስ ይባላሉ። ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው በቢጫነታቸው ነው። ሐይቁ ውስጥ ግን ቢጫው የሚገኘው በሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ ላየንስ ኮቭ በሚባለው አካባቢ ነው። ንካታ ቤይ ብትወርጂ ያው አሳ ነጭ ነው።

ታንጋኒካ ሐይቅ ሲሆን ይብሳል። ትሮፊየስ የሚባል አለ፣ ድንጋይ ላይ የበቀለ አልጌ እየጋጠ የሚኖር። ከድንጋዩ አይርቅም። መሃል ላይ ረጅም አሸዋ ካለ ደፍሮ አያቋርጥም። እናም በየድንጋዩ ዳርቻ ለብቻው ሲዋለድ ኖሮ እዚህ ቀይ፣ እዚያ ቢጫ መቀነት ያለው፣ ወዲያ ማዶ ጥቁር ሆኗል። ከመቶ በላይ የቀለም ዓይነት ይታወቃል። የያዙት ሰዎች በተገኘበት ቦታ ነው የሚጠሩት፦ ቤምባ፣ ኢኮላ፣ ሞሊሮ። ከእነሱ ወገን ዱቦይሲ የሚባለው ደግሞ ልጅ ሳለ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጥብ የተዘራበት ነው። ሲያድግ ነጥቡ ይጠፋል፣ ራሱ ሰማያዊ ይሆናል፣ ወገቡ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ መቀነት ያወጣል። ልጁንና አባቱን ለይተው ቢሸጡልሽ ሁለት ዓይነት አሳ ገዛሁ ብለሽ ነው የምትሄጂው።

ቁንዶ በርበሬዋ አልታመመችም። አሳ የሚይዙ ሰዎች ኦቢ ይሏታል፣ «ኦሬንጅ ብሎች» ለማለት ነው። ይሄ ጠቃጠቆ ማላዊ ሐይቅ ውስጥ ብዙ ዘሮች ላይ አለ፣ ቀይ ዜብራም ላይ ጭምር። ነገሩን የፈቱት ደግሞ እዚህ ጎረቤቴ፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያሉት እነ ቶማስ ኮቸር ናቸው። በፈረንጆች 2009 ሳይንስ መጽሔት ላይ አውጥተውታል። ጠቃጠቆው የሚመጣው ፓክስ7 ከሚባል ጂን ነው። ይሄ ጂን ክሮሞዞሙ ላይ ሴትነትን ከሚወስነው ጂን ጋር ተጠጋግቶ ስለተቀመጠ ሁለቱ አብረው ይወረሳሉ። ስለዚህ ጠቃጠቆ ያለባቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። ለሴቷ ጠቃጠቆው ድንጋይ መሃል መደበቂያ ይሆናታል። ወንዱን ግን ሴቶች የሚመርጡት በቀለሙ ስለሆነ ጠቃጠቆ ከገበያ ያስወጣዋል። አልፎ አልፎ ጠቃጠቆ ያለበት ወንድ ይወለዳል፣ እሱን ያገኘ አርቢ ደስታውን አይችለውም።

የነጣው ቢጫ ግን ያሳስበኛል። ወደ ንካታ ቤዩ ነጭ እየተቀየረ አይደለም፣ እንደዚያ የሚባል ነገር የለም። የእነዚህ አሳዎች ቀለም የሥልጣን ጉዳይም ነው። አስታቶቲላፒያ በርቶኒ የሚባል የታንጋኒካ አሳ አለ። ወንዱ ቢጫም ሰማያዊም ይሆናል፣ ያው አንዱ ወንድ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀየራል። አለቃ ሲሆን ከዓይኑ ወደ ታች ጥቁር መስመር ይወጣበታል። ሌላው ሲያሸንፈው መስመሩ በደቂቃዎች ይጠፋል። ያንቺም ቢጫ ከሚያሳድደው ሸሽቶ ይሆናል። ቁጭ ብለሽ እዪው። ጥግ ይዞ፣ ክንፉን አጣጥፎ፣ ከሂተሩ ኋላ የሚውል ከሆነ እየተደበደበ ነው። መደበቂያ ድንጋይ ጨምሪ፣ ያሉትንም አቀማመጣቸውን አቀያይሪ። ግዛታቸው ሲፈርስ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል። ዓይነ ምድሩ ነጭና እንደ ክር የተንጠለጠለ ከሆነ ግን የሆድ ችግር ነው። ያኔ ምን እንደምትመግቢው ንገሪኝ። እነዚህ የማላዊ አሳዎች ሥጋ ነገር ሲበዛባቸው ሆዳቸው ይነፋል።

ምግቡን በተመለከተ፣ ሻጩ ጭራሽ ከሜዳ ተነስቶ አልተናገረም። ቢጫና ቀይ ቀለም የሚሠራው አሳው ራሱ በማያመርተው ካሮቲኖይድ ነው፣ ከምግብ ነው የሚያገኘው። ስፒሩሊና የሚባለው አልጌ ያለበት ተራ ምግብ ይበቃል። ብርቱካናማውን ያደምቃል፣ ቡናማውን ግን ብርቱካናማ አያደርግም። ሰማያዊው ከቆዳው ሴሎች ብርሃን ሲንጸባረቅ የሚታይ ነውና በምግብ አይመጣም።

ዳኒ (ፍራንክፈርት)

ጋሼ የአሞራ ገደል ልጅ፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን ይሄ «ዘሩ ንጹህ ይሁን» የሚባለው ነገር እኔን ያደክመኛል። እኔ ድራገን ብላድ ፒኮክ የሚባለውን ሲክሊድ ነው የያዝኩት። ሮዝ፣ ቀይ፣ ነጭ የተደባለቀበት። ኦቢ ፒኮክም አለኝ። ክልስ ናቸው፣ አውቃለሁ፣ እና ምን ይሁን? ሳሎን ውስጥ ያምራሉ። ሙዚየም አልከፈትኩም። የናሆም እናትም ልጇ ስም ያወጣላቸውን ጫጩቶች በደስታ ታሳድግ።

የአሞራ ገደል ልጅ (ቨርጂኒያ)

ዳኒ፣ ካንተ ጋር አልጣላም። ያዛቸው፣ ያምራሉ። ጫጩቶቹንም ጣዪ አላልኩም፣ ይደጉ። ጠቤ ከክልሱ ጋር ሳይሆን ከስሙ ጋር ነው። ያንተን ኦቢ ፒኮክ ማላዊ ሐይቅ ወርደህ ብትፈልግ አታገኘውም። አውሎኖካራን፣ ማለትም እውነተኛውን ፒኮክ፣ ከጠቃጠቆዎቹ የዜብራ ዘመዶች ጋር አጋብተው ሰዎች ያወጡት ነው። የሸጠልህ ሰው ይሄን ነግሮህ ከገዛህ ሐቅ ነው። ሳይነግሩ ሲሸጡት፣ ገዢው ደግሞ ከእውነተኛ አውሎኖካራ ጋር ሲቀላቅለው፣ ከዚያ ልጆቹን ለሌላ ሲሰጥ ነው ነገሩ የሚበላሸው። የፒኮክ ሴቶች ሁሉም ግራጫ ስለሆኑ አንዴ ከተደባለቁ ለይቶ ማውጣት ዘበት ነው።

መደባለቁ ሐይቁ ላይም የመጣ ጣጣ ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ሁለት ወንድማማች ዘሮች አሉ። ፑንዳሚሊያ ፑንዳሚሊያ ወንዱ ሰማያዊ ነው፣ ከላይ ከላይ ይኖራል። ፑንዳሚሊያ ንየሬሬይ ወንዱ ቀይ ነው፣ ዝቅ ብሎ ይኖራል። ሴቶቹ የየራሳቸውን ወንድ የሚለዩት በቀለሙ ነው። እነ ኦሌ ሴሃውዘን በፈረንጆች 1997 እንዳሳዩት፣ ከእርሻና ከከተማ በሚገባው ቆሻሻ ምክንያት ውሃው በደፈረሰበት ቦታ ቀለማቸው ይደበዝዛል፣ የዘሩም ቁጥር ይቀንሳል። ቤተ ሙከራ ውስጥም ብርቱካናማ ብርሃን ብቻ ሲበራባቸው ሴቶቹ ቀዩን ከሰማያዊው መለየት አቃታቸው። እኔ በበኩሌ ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ገንዳዬ ላይ ቢጫ አምፖል አላደርግም።

ሌላ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ጣት የማታክል ፒኮክ ሙሉ ቀለም ለብሳ ስትሸጥ ካያችሁ ሆርሞን ቀምሳ ሊሆን ይችላል። ጤነኛ ፒኮክ በዚያ ዕድሜው ግራጫ ነው። ሆርሞኑ ሲቆም ቀለሙም ይሄዳል፣ ገዢው ደግሞ «ውሃዬ ነው ያበላሸው» ብሎ ራሱን ይወቅሳል።

የውሃውን ነገር አዲስ አበባ ያለ ሰው ይንገርሽ፣ የናሆም እናት። የእኛ ቧንቧ ክሎራሚን ስላለበት ቢያድርም አይወጣም፣ መድኃኒት ካልተጨመረበት አሳ ይገድላል። የእኔ ልምድ ለእናንተ አይሆንም።

አሳ በሰሚት

እኔ ልናገር። ሰሚት ነኝ፣ ማላዊዎችን ነው የምይዘው።

እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሁሉም ሰው ሮቶ አለው። ከሮቶ የሚቀዳው ውሃ ክሎሪኑ ብዙውን ጊዜ ተኗል፣ ቢሆንም ባልዲ ላይ ኤር ፓምፕ አድርገሽ አሳድሪው። በአንዴ ብዙ አትቀይሪ፣ በሳምንት ሩብ ያህሉ ይበቃል። የማላዊ ውሃ ጨው ያልሆነ ግን ጠንከር ያለ፣ ማዕድን ያለበት ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ8 ፈቅ ይላል። ያንቺን በመለኪያ ለኪው እንጂ ከጎረቤት አትጠይቂ፣ ሰፈር ለሰፈር ይለያያል። ለስላሳ ከሆነብሽ እብነ በረድ የሚቆርጡ ሰዎች ጋ ሄደሽ ያልተወለወለ ፍርፋሪ ለምኚ። አቼቶ ጠብ ስታደርጊበት ካረፋ እሱ ነው። በደንብ አጥበሽ ፊልተሩ ውስጥ አድርጊው፣ ቀስ እያለ ውሃውን ያጠነክረዋል። ለዋሻ ደግሞ ግንባታ ላይ የተረፈ ጥቁር ድንጋይ ይሆናል። ድንጋዩን መጀመሪያ የገንዳው ወለል ላይ አስቀምጪው፣ አሸዋውን ከዚያ በኋላ አድርጊ። አሸዋው ላይ ካስቀመጥሽው ከሥሩ ይምሱና ይንዱታል፣ መስታወቱንም ይሰብረዋል።

የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው። ሂተሩን 25 ላይ አድርጊው። መብራት ሲሄድ ከቅዝቃዜው በፊት የሚገድላቸው የአየር እጥረት ነው፣ በተለይ ገንዳው ከታጨቀ። በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ግዢ። ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኚው፣ መብራቱ እስኪመጣም ምግብ አትስጪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰማያዊው አንድ ወንድ ብቻ መሆኑ ጥሩ ነው። ቡናማዎቹ ሲያድጉ ግን እዚያ ገንዳ አትመልሻቸው። ሁለት መቶ ሊትር ውስጥ ለአንድ ወንድ ሦስት አራት ሴት ነው የሚሆነው። ወንድ ከበዛ አንዱ አንዱን ሳይገድል አያርፍም።

የናሆም እናት (አዲስ አበባ፣ አያት)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ ሰሚት፣ አንተም ተባረክ። ሻጩን ደወልኩለት። ሰማያዊውና ብርቱካናማዎቹ በአንድ ካርቶን እንደመጡ ነገረኝ። «ታዲያ ለምን ኮባልት አልከኝ?» ስለው «ሰማያዊ ስለሆነ ነዋ» አለኝ። ባለቤቴ እስካሁን ክልስ ናቸው ይላል፣ እሱ አንዴ ካለ ካለ ነው።

ቢጫውን ማታ ቁጭ ብዬ አየሁት። የሚያሳድደው ሌላኛው ቢጫ ነው። ከሥር ያሉት ክንፎቹ ድቅድቅ ጥቁር የሆኑት። ዓይነ ምድሩ ግን ደህና ይመስላል።

ናሆም ደግሞ ቆሮሶ ሲክሊድ መሆኑን ካነበበ ወዲህ ሐዋሳ ሄደን አንድ እናምጣ ብሎ ይዞኛል። ይቻላል?

የአሞራ ገደል ልጅ (ቨርጂኒያ)

አይቻልም በዪው! ቆሮሶ የክንድ ያህል ይሆናል፣ ገንዳሽን ያርሰዋል፣ ሌሎቹን ይውጣቸዋል። ሐዋሳ ውሰጂው፣ ግን አሞራ ገደል ጠዋት ጀልባ ሲገባ ይይ። ወንዶቹን ሴቶቹን ይለይ፣ ቀላ ያለ ካገኘ እሱ መራቢያው የደረሰ ነው። ከዚያ ጥብሱን ብሉና ተመለሱ።

የአገራችንን ሲክሊድ ከወደደ ሌላም ንገሪው። አፍዴራ ሐይቅ፣ ጨዋችን የሚመጣበት፣ ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የሚባል ትንሽ ሲክሊድ አለ። በዓለም ላይ ከዚያ ሌላ ቦታ የለም። ያንን ሙቀትና ያንን ጨው ችሎ ይኖራል።

ጥቁር ክንፉ የገንዳሽ አለቃ ነው፣ ወንድ ሳይሆን አይቀርም። የነጣውን ለአንድ ሁለት ሳምንት ለብቻ አድርጊው፣ ድንጋዩን አቀያይሪና መልሺው። ሰማያዊውን ደግሞ ከጎን፣ ክንፉን ዘርግቶ ፎቶ አንሺልኝ። ካርቶኑን ባምነውም ዓሳውን ማየት እፈልጋለሁ።